ዕድር ጥሩምባ እስኪነፋ ለምን ይጠብቃል?

ጉለሌ ውስጥ አንድ አዛውንት ቢያርፉ ጥሩምባው በተነፋ በሰዓታት ውስጥ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ድስቱ ይጣዳል። ሦስት ቀን ቤቱ ሰው አያጣም። እኚሁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ሦስት ቀን ከደጅ ቢጠፉስ? ቡና የሚያጣጣቸው ጎረቤት ካለ ያንኳኳል። ከሌለ ማንም አያውቅም።

ነገሩ በተለይ ሽሮ ሜዳና ቀጨኔ ላይ ይከብዳል። ሸማኔው ዕድሜውን እግሩን ጉድጓድ ከትቶ መወርወሪያ ሲወረውር፣ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ ስታቦካ ኖረዋል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ በዋናነት የታሰበው ቀጣሪ ላለው ሰው ነው። የሸማኔ ቀጣሪ ማን ነው? የእነዚህ ሰዎች ጡረታ ሰፈሩ ነው፤ በዱቤ ሽሮና ዘይት የሚሰጥ ባለሱቅ፣ ውሃ የሚያመጣ የጎረቤት ልጅ፣ በወር አንዴ የሚሰበሰብ ማኅበር። በ2016 ከፒያሳ አካባቢ ተነስተው ገላን ጉራ የገቡ አረጋውያን ምናልባት የተሻለ ቤት አግኝተው ይሆናል። ዱቤውንና ማኅበሩን ግን መኪና ላይ ጭኖ መውሰድ አይቻልም። ነገ ተነሽ የሚሆን የጉለሌ ሰፈር ካለ ከቤቱ ቁጥር ጋር ዕድሩም ይቆጠር፣ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋር ይሂድ።

ያልተነሳነውስ? ዕድራችን ወረዳው የሌለው ነገር አለው። የአባላት ስምና ቤት የተመዘገበበት መዝገብ አለው፣ በየወሩ ይሰበሰባል፣ ሰው ያምነዋል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤታችንን ሲያንኳኳ ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች በሽተኛ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። ስለዚህ «ዕድር ለቀብር ብቻ ነው» የሚለው ታሪኩንም አይገልጸውም።

«የቀብሩ ገንዘብ ከተነካ ቀን ሲመጣ እናፍራለን» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ብዙ አዛውንቶችም ከረሃብ ይልቅ ያለ ወግ መቀበርን ይፈራሉ። ገንዘቡ አይነካ። በር ማንኳኳት ብር አይጠይቅም። መድኃኒትና ቀለብ የሚጠይቀውን ደግሞ መንግሥት ይጠየቅበት፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 አረጋውያንን አቅም በፈቀደ መጠን የመርዳት ግዴታ ጥሎበታል።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ሂሳብ ሳይነበብ አንድ ጥያቄ ይቅደም፤ ከመካከላችን ዕድሜው ገፍቶ ብቻውን የሚኖር ማን አለ? ስማቸው ይጻፍ። ከጎኑ ደግሞ በየሁለት ቀኑ የሚያንኳኳው ሰው ስም።