ካሴቱ ባይገኝ ኖሮስ?

አንጋፋ ሙዚቀኞች ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ አዲስ አልበም ሲያወጡ ደስ ይለናል። ሊንኩን እንላላካለን፣ «ኦልድ ኢዝ ጎልድ» እንላለን፣ በሳምንቱ እንረሳዋለን። እንዴት ሊመለሱ ቻሉ ብለን ግን ብዙም አንጠይቅም። የዋልያስ ባንድን ልጆች ታሪክ ይዘን ብንጠይቅ፣ አርባ ምንጭና ጋሞ ዞን ላለን ወጣቶች የሚሆን መልስ እናገኛለን።

ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረ ባንድ ነው። ጊዜው የሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ ለጭፈራ የገባ ሰው እዚያው ያድር ነበር፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። በ1977 «ቸ በለው» የሚለውን በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም አወጡ። «ሙዚቃዊ ስልት» የምትለዋን ዜማ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ዛሬ በመላው ዓለም ያሉ ባንዶች የሚጫወቷት የግርማ በየነ ሥራ፣ ከዚያ አልበም የወጣች ናት።

ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ለሥራ ሄደ። ጉዞው ሲያልቅ ከፊሉ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኬ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ በኋላ ኑሮው ታክሲ ሆነ። ደላስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ከታክሲው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ግርማ ደግሞ ለዓመታት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠርቷል። ዘመናዊ ሙዚቃችንን ካቀኑት ሰዎች ሁለቱ እንዲህ ነበር የሚኖሩት።

ታሪኩን የቀየረው አንድ ካሴት ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ሄዶ ያንን የ1985 ሥራ አገኘው። ሽፋኑ ላይ የኃይሉ ስም ስለነበር ባለቤቱን አፈላልጎ አገኘና በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ አውሮፓን ዞረ፤ በ2018 ደግሞ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። ግርማም በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር የራሱን አልበም ይዞ መጣ።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ግን እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ያ ሰው ባሕር ዳር ባይሄድስ? ካሴቱን ሻጩ ጥሎት ቢሆንስ? ሽፋኑ ጠፍቶ ስሙ ባይታወቅስ? እኛ «የተመለሰው ሙዚቀኛ» እያልን የምናጨበጭብለት ነገር ግማሹ ዕድል ነው። ለዕድል የተተወ ሙዚቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። የጋሞ ደጋ ዘፈን፣ በተለይ የዶርዜው፣ በዓለም የሙዚቃ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ምክንያቱም ሁሉም አንድ ዜማ ይዞ አይዘፍንም። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ቡድን ይቀበላል፣ ሌሎች ደግሞ በመሀል የራሳቸውን ድምፅ ይዘው ይገባሉ፤ ተደራርቦ አንድ ዘፈን ይሆናል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ ይሄን በ1970ዎቹ ቀድቶ ፓሪስ ላይ በሸክላ አሳትሞታል። ልብ በሉ፤ የአያቶቻችን ድምፅ ፓሪስ ላይ በሸክላ ሲታተም ቸንቻ ውስጥ ስንት ቤት ቴፕ ነበር?

ዛሬ ግን ምክንያት የለንም። ከሲቀላ ወደ ሴቻ በባጃጅ ስንወጣ አብዛኞቻችን እጅ ላይ ያለው ስልክ፣ ኃይሉ ያንን ካሴት ሲቀዳ ብዙ ሰው ያልነበረው መቅጃ ነው። ሠርግ እንቀዳለን፣ ለቅሶ እንቀዳለን፣ ዮ ማስቃላ ሲመጣማ አደባባዩ በስልክ መብራት ይሞላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሠላሳ ሰከንዱ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ ቴሌግራም ላይ «ምርጥ የጋሞ ባህላዊ» ተብሎ ይዞራል። ማን ዘፈነው? የት ቀበሌ? ለምን ጊዜ የሚዘፈን ነው? አይታወቅም። ስልኩ ሲሞላ ይጠፋል፣ ሲሰበር አብሮ ይሰበራል።

«ባህል በቃል ነው የሚተላለፈው፣ ድሮስ ማን ቀድቶት ነው እዚህ የደረሰው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት አለው። ግን በቃል የሚተላለፈው አብሮ የሚዘፍን ሰው ሲኖር ነው። እንዲህ ያለ ዘፈን ለብቻ አይዘፈንም። ግማሹ ልጅ ሽሮ ሜዳ ሸማ እየሠራ፣ ግማሹ ሌላ ከተማ እየተማረ፣ መሪው አዛውንት ቢያልፉ ተቀባዩስ ከማን ይማራል?

ስለዚህ በዚህ በዓል ስትቀዱ ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም መብት ይሰጣል፣ አዋጅ ባይኖርም ደግሞ የሰው ድምፅ የሰው ነው። ሁለተኛ፣ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ቅዱ፤ ለቲክቶክ መቁረጥ በኋላ ይደርሳል። ሦስተኛ፣ ፋይሉ ላይ የመሪውን ስም፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን ጻፉና ሌላ ቦታም ቅጂ አስቀምጡ። ቤት ውስጥ አሮጌ ካሴት ካለም ከመጣሉ በፊት ወደ ስልክ ይገልበጥ።

ይሄ ሁሉ ሸክም ግን በወጣቱ ስልክ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። የዞኑ የባህል መሥሪያ ቤትና አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ወጣቱ የቀዳውን በስም መዝግበው የሚያስቀምጡበት፣ ማንም መጥቶ የሚያዳምጥበት ክፍት ቦታ ቢያዘጋጁ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ጋሞኛ የሚችል ባለሙያ፣ አንድ የቴሌግራም መቀበያ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ የጋሞ ባንድ «የአያቶቻችንን ዘፈን ይዘን መጣን» ሲል፣ ዘፈኑን ፍለጋ ፓሪስ አይሄድም።