ጠመንጃ ብቻውን አይዋጋም

በየጥይቱ በእጅ የሚቀባበለው ጠመንጃ፣ ሕዝባችን ምንሽርና ቤልጅግ የሚለው፣ ለኑሮም ለጦርነትም ይበቃልን? ታሪካችን የማያሻማ መልስ ይሰጣል። ገበሬው ሰብሉን ከአውሬ ጠብቆበታል፤ አርበኛውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጥይት እየቆጠበ በደፈጣ ፋሺስቱን ወራሪ አርበድብዶበታል።

ለግንባር ውጊያ ግን ብቻውን አልበቃም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጀግንነት ሳይጓደል ድል አልተገኘም። የጣሊያን እግረኛ የያዘው ካርካኖም በእጅ የሚቀባበል ነበር፤ ልዩነቱ ከጀርባው የተሰለፉት መድፍ፣ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ፣ እነዚህንም የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ነበሩ። በጦርነቱ ዋዜማ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጦር መሣሪያ ሽያጭ ሲያግዱ የታነቀው ፋብሪካ ያልነበረው ወገን ነው።

እንግዲህ ጉድለቱን በጠመንጃው ላይ ብቻ መለጠፍ እውነቱን መሸፈን ነው። ከነቃና ከተደራጀ ሕዝብ፣ ከሠራተኛውም የምርት ክንድ የተነጠለ መሣሪያ ብረት ብቻ ነው እንላለን!