«እኔ ቁጥር 2 ነኝ» ሲል ማን ያረጋግጣል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፔ ላይ የአርዱፓይለትን ሲሙሌተር ከፍቼ ሁለት ድሮኖች አስነሳሁ። መቆጣጠሪያው ካርታ ላይ ጎን ለጎን ይበራሉ። ከዚያ አጭር የፓይተን ፕሮግራም ጽፌ «እኔ ቁጥር 2 ነኝ፤ ያለሁት እዚህ ነው» የሚል መልእክት ላክሁ። ቁጥር 2 ዘለለ! አንዴ እውነተኛው ቦታው ላይ፣ አንዴ እኔ ያልኩት ቦታ ላይ ይታያል። የሰበርኩት የይለፍ ቃል የለም። ድሮኖቹ የሚነጋገሩበት ማቭሊንክ የተባለው ፕሮቶኮል ላኪውን የሚለየው ከ1 እስከ 255 ባለ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ደግሞ ማንም መጻፍ ይችላል። ማቭሊንክ 2 ላይ ፊርማ አለ፣ በአንድ መልእክት 13 ባይት ብቻ ይጨምራል። ግን እኛ ካላበራነው አይሠራም።

በሲሙሌተር ሲሆን ጨዋታ ነው። አሁን ግን ሰው የሚነዳቸውና ሰው አልባዎቹ አብረው መሥራት ጀምረዋል። የአሜሪካ ጦር አፓቺ ሄሊኮፕተር አብራሪ ግሬይ ኢግል ከተባለው ድሮን ቪዲዮ ይቀበላል፣ ሲያስፈልግም ድሮኑን ራሱ ይመራል። ድሮኑ የሚዋሽ ከሆነ በውሸቱ የሚወስነው ሕይወት ያለው ሰው ነው።

ቅሬታዬ የሥጋት ግምገማው ላይ ነው። የተለመደው ሠንጠረዥ እያንዳንዱን ተሽከርካሪ ለብቻው ይይዝና የጥቃቱን ዕድል በጉዳቱ መጠን ያባዛል። ሰው ያለበት ቀይ ያገኛል፣ ድሮኑ «ቢጠፋም ብረት ነው» ተብሎ ቢጫ። በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ግን የራሱ ረድፍ እንኳ የለውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ አንዱን ክር ሌላ ሰው ከያዘውስ?

«ሰው ስላለበት ያስተውላል» የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቶድ ሀምፍሪስና ተማሪዎቹ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ሜዲትራኒያን ላይ 65 ሜትር ርዝመት ባላት የመዝናኛ መርከብ ላይ ሙከራ አደረጉ። ሐሰተኛ የጂፒኤስ ሲግናል ቀስ በቀስ እያጠናከሩ ላኩ። አንድም ማስጠንቀቂያ አልጮኸም። መሣሪያው «ከመስመር ወጥታችኋል» ሲላቸው መርከበኞቹ አቅጣጫቸውን አስተካከሉ፤ ከእውነተኛው መስመር የወጡት ያን ጊዜ ነው። ሰዎቹ ሰነፍ አልነበሩም፣ ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። ስለዚህ ሰውን እንደ መከላከያ ከመቁጠራችን በፊት መልእክቱን የሚያመሳክርበት ሌላ ምንጭ አለው ወይ፣ ለማመሳከርስ ስንት ሰከንድ አለው ብለን መጠየቅ አለብን።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ቁልፉ ነው። ድሮን ወደ አደገኛ ቦታ የሚላከው ቢጠፋ ስለማያስለቅስ ነው። በ2011 መጨረሻ አርኪው-170 የተባለው የአሜሪካ የስለላ ድሮን ኢራን እጅ ገብቷል። እንዴት እንደወረደ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ለእኔ ክርክር ግን እጃቸው መግባቱ ይበቃል። ቡድኑ በሙሉ አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍ የሚጋራ ከሆነ፣ ለመጥፋት የተላከው ርካሹ ድሮን አብራሪው ያለበትን ውዱን አውሮፕላን ቁልፍ ይዞ ነው የሚወድቀው። በእኔ ሠንጠረዥ ቢሆን ድሮኑ ቀይ ነበር።

ለእያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ፣ አንዱ ሲጠፋም የእሱን ብቻ ወዲያው መሰረዝ ያስፈልጋል። ቁልፍ ማስተዳደር አሰልቺ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግንኙነቱ በተቆራረጠበት ሜዳ ላይማ የባሰ ነው። ብዙዎቻችን ፊርማውን የማናበራውም ለዚህ ይመስለኛል።

እኔም ያን ቅዳሜ ማታ ፊርማውን አበራሁ። ሁለቱም ድሮኖች አንድ ቁልፍ ነበራቸው፣ ስለቀለለኝ። የሐሰት መልእክቴ ወዲያው ተጣለ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ድሮኑ እንደተማረከ ቆጥሬ ቁልፉን ከቁጥር 1 ቀዳሁና ፕሮግራሜ ውስጥ አስገባሁት።

ቁጥር 2 እንደገና ዘለለ።