ለውሻ ማልቀስ ያሳፍራል?

ባለፈው ዶርም ውስጥ «ሃቺ»ን (እ.ኤ.አ. 2009) ስናይ አልቅሻለሁ፤ የሳቃችሁብኝ ልጆች እናንተም አፍንጫችሁን ስትጠርጉ አይቻለሁ። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ጃፓናዊው ሃቺኮ የሞተ ጌታውን ሺቡያ ባቡር ጣቢያ ከ9 ዓመት በላይ ጠብቆ በ1935 ሞተ።

እኔን ያልለቀቀኝ ግን የድሮው «ኦልድ የለር» (1957) ነው። ውሻው ቤተሰቡን ካበደ ተኩላ ሲያድን ይነከሳል፤ በሽታው ይይዘዋል፤ የሚወደው ልጅ ራሱ ተኩሶ ይገድለዋል። ይሄ የሆሊውድ ነገር ብቻ መሰላችሁ? ጉደር ልጅ ሳለሁ ቡቺ የምንላት ውሻችን «እብድ ውሻ ገብቷል» ተብሎ የተጣለ የተመረዘ ሥጋ በልታ ሞተች። አባቴ ጎትቶ ወንዝ ዳር ጣላት። እኔ አላለቀስኩም፤ ወንድ ልጅ ለውሻ አያለቅስማ!

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውንም ከብትንም አይምርም። ክትባት ግን አለው፤ ቡቺ አንድም ቀን አልተከተበችም። እንደኔ እንደኔ፣ ፊልም ክበባችን «ኦልድ የለር»ን ቢያሳየን ይሻላል። በ«ሃቺ» እንባችንን ጠርገን እንተኛለን፤ ከዚያኛው በኋላ ግን እኔ ቤት ደወልኩ፣ «አሁን ያለው ውሻችን ተከትቧል?» ብዬ። አባቴ ሳቀብኝ። «ለውሻ ደግሞ ምን ክትባት!»