ዘፈኑን አትክሰሰው

ወገኔ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳታስበው ዕንባህን ያመጣው ዘፈን የትኛው ነው?

የእኔን ልንገርህ። ሰኔ 2014 ዓ.ም። ወለጋ ቶሌ ላይ ወገኖቻችን በተጨፈጨፉበት በዚያው ወር ቴዲ አፍሮ «ናዕት»ን ለቀቀ። ማታ ብቻዬን ሰማሁትና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ማረፊያ ያጣው ሐዘኔ እዚያ ዘፈን ውስጥ ማረፊያ አገኘ።

እስካሁን ተስማምተናል። ቀጣዩን ስትሰማ ግን ልትቆጣ ትችላለህ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብበው።

ቤተሰብ ልጠይቅ ወደ አርቦዬ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ የሃጫሉ ሁንዴሳ «ማላን ጂራ» ተከፈተ። ደሜ ፈላ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም ማታ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። በማግስቱ በየከተማው የተገደሉት፣ ቤት ንብረታቸው የተቃጠለው ግን በሞቱ ምንም እጅ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። አርሲም አልቀረላትም።

«ወንድሜ፣ ቀይረው በናትህ» አልኩት ሹፌሩን። ቀየረው።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። «ምነው እማማ?» አልኳቸው በኦሮምኛ። እኔ አርሲ ውስጥ በሁለቱም ቋንቋ አፌን የፈታሁ ልጅ ነኝ። «ይሄን ይወድ የነበረ ልጅ ነበረኝ» አሉኝ። ነበረኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እስክንደርስ ግን አንገቴን ቀና ማድረግ አቃተኝ።

እስቲ አስበው። ያ ዘፈን የወጣው ሃጫሉ ከመገደሉ 5 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ዘፋኙም ገና በልጅነቱ ታስሮ 5 ዓመት እስር ቤት የቆየ ሰው ነበር። ስለ ፍቅር፣ ስለ መለያየት፣ ስለ መሬት ዘፈነ። ክብሪት የጫሩት ግን እጅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ዘፈን ክብሪት አይጭርም።

«እሱ ሌላ ነው» እንዳትለኝ። በ2006 ዓ.ም በ«ጥቁር ሰው» ጊዜ የቴዲ የኮንሰርት ጉዞ በቦይኮት ዘመቻ ስፖንሰሩን ሲያጣ ምን አልን? «ዘፈን እንዴት ይከሰሳል!» ብለን ጮኸናል። ልክ ነበርን። ታዲያ ያ ልክ የሚሠራው ለእኛ ዘፈን ብቻ ነው እንዴ?

ገዳዮቹን ይቅር በል እያልኩህ አይደለም። በፍጹም! እንዲያውም ዘፈኑን በከሰስን ቁጥር ገዳዩ ከጀርባው ይደበቃል። ሰው ነው የገደለው፤ ሰው ይጠየቅ። ሟቾቻችንም ስም አላቸው። ሰኔ በመጣ ቁጥር የሬሳ ፎቶ ላይ ዘፈን ለጥፈህ ሼር ከማድረግ፣ የአንድ ሟች ስም፣ ዕድሜና የትውልድ ቀበሌ ጠይቀህ ጻፍ። ቤተሰቡን ደውለህ ጠይቅ። ዕንባህ ያኔ ሥራ ይሠራል።

እኔ «ናዕት»ን ዛሬም እሰማለሁ፤ ዛሬም ያስለቅሰኛል። በሚቀጥለው ወደ አርቦዬ ስሄድ ግን ሹፌሩን «ቀይረው» አልለውም። የእኔን ሐዘን እንዲሰሙልኝ የምፈልግ ከሆነ፣ የእኚያን እናት ዘፈን እስኪያልቅ መስማት ያቅተኛል?

አንተስ?