ከኦፓሉ በፊት የቆፋሪው ነፍስ

በሜክሲኮ ናይካ በተባለ የማዕድን ማውጫ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 ቆፋሪዎች ድንገት አንድ ዋሻ አገኙ። ጥልቀቱ 300 ሜትር ገደማ ነው። በውስጡ አንዳንዶቹ ከ11 ሜትር በላይ የሚረዝሙ የጂፕሰም ክሪስታሎች እንደ ዝግባ ግንድ ተጋድመዋል። እንዲህ የገዘፉት ማዕድን የሟሟበት ሙቅ ውሃ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሳይናወጥ ስለቆየ ነው። የዋሻው ሙቀት 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚደርስ፣ ተመራማሪዎች በረዶ የተሸከመ ልብስ ለብሰው ነበር የሚገቡት። ውሃ መሳቢያው ፓምፕ ከቆመ በኋላ ዋሻው ተመልሶ በውሃ ተሞልቷል።

«ታዲያ ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እኔን ግን ደላንታን ያስታውሰኛል። ከጋይንት ተነስቶ በጋሸና በኩል ሲታጠፍ፣ ወገል ጤና አካባቢ በ2000 ዓ.ም. የተገኘ ኦፓል አለ። ኦፓል በትክክለኛ አነጋገር ክሪስታል አይደለም፤ ውሃ ያዘለ ሲሊካ በዓይን የማይታዩ ድቡልቡል ቅንጣቶች ሆኖ የተደረደረበት ድንጋይ ነው። ያ ሁሉ ቀለም የሚታየው ብርሃን በቅንጣቶቹ መካከል ሲበተን ነው። የሚገኘውም በገደሉ ወገብ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ አለት መካከል ባለ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ስለዚህ ቆፋሪው ንብርብሩን እየተከተለ ወደ ገደሉ ሆድ ጠባብ ዋሻ ይፈለፍላል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዋሻ ተደርምሶ 20 ገደማ ሰዎች ከውስጥ መቅረታቸውን በዜና ሰምተናል።

እዚያ ማዶ ለጥናት ለሚገባ ሰው ልዩ ልብስ ይሰፋለታል፤ እዚህ ለእንጀራው የሚገባው ልጅ ጣሪያውን የሚደግፍለት እንጨት እንኳ ያጣል። ይህን «ዕድሉ ነው» ብሎ ማለፍ በእኔ እምነት ልክ አይደለም።

የቤተ ልሔም አገር ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በቤተ ልሔም ድጓ የተማረ ሰው ዓመታት ለፍቶ ሳያስመሰክር መምህር አይባልም። ዜማ ቢሳሳት የሚሞት ሰው የለም፤ ሆኖም ይህን ያህል ጥንቃቄ አለ። ጣሪያው ቢናድ ነፍስ ለሚጠፋበት ሥራ ግን ልጁን ያለ አስተማሪ እንልከዋለን። ይሄ ነው እንዴ በማዕድን ማደግ?

ሥራው ይዘጋ አላልኩም። መሬት ያልደረሰው ወጣት ምን ይብላ? ቢከለከልም በሌሊት ተደብቆ መቆፈሩ አይቀርም፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። እኔ የምለው፣ ማኅበራት ፈቃድ ከማግኘታቸው በፊት ይሠልጥኑ፤ ባለሙያ ዋሻውን አይቶ «ግቡ» ሳይል ማንም አይግባ፤ ከሽያጩም ለድጋፍ እንጨትና ለነፍስ አድን መሣሪያ የሚሆን ገንዘብ ይቀመጥ። እኛ ተማሪዎችም ስለ አለትና ስለ ገደል የተማርነውን በክረምቱ ዕረፍት ወርደን ለቆፋሪዎቹ እናስረዳ እንጂ ለፈተና ብቻ አንሸምድደው።

ኦፓሉ እስከ ዛሬ ከአለቱ ውስጥ ጠብቋል፤ ሥልጠናው እስኪያልቅ ጥቂት ሳምንት ቢጨምር የሚጎድልበት የለም እላለሁ።