አንድ ክፍል፣ በሳምንት አንድ ማታ

ለነርሲንግ ኮርሳችን አንድ ክፍት የአልኮሊክስ አኖኒመስ ስብሰባ ሄደን እንድናዳምጥ ታዘዝን። የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ ቀጭን ቡና (እማዬ ብትቀምሰው «እጣቢ» ትለዋለች)። ክፍያ የለም፣ የአባት ስም የሚጠይቅ የለም።

እዚያ ተቀምጬ አጎቴን አሰብኩ። የጋሼ እንግሊዝኛ ለሥራ ይበቃል፤ ለማልቀስ አይበቃም። ቤታችን ውስጥ «ትንሽ ያበዛሉ» እንላለን እንጂ ሌላ ስም አልሰጠነውም። አምና አፍረው፣ ለማንም ሳይናገሩ በአንድ ቀን አቆሙ፤ በማግስቱ እየተንቀጠቀጡ ወደቁ። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው እንደሚችል፣ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ማየት እንዳለበት ያኔ አላወቅሁም።

ማኅበራችንን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ ተከራይተን ቢራ የምንደረድር ሰዎች፣ በሳምንት አንድ ማታ ክፍላችንን ለአማርኛ ቡድን ለምን አንሰጥም? ይህ ነገር በ1935 ኦሃዮ ውስጥ በሁለት ጠጪዎች ነው የተጀመረው። እኛ ቡናውን አፍልተን እንወጣለን።

ለጋሼ ነገርኳቸው። «የሚያውቀኝ ሰው ቢገባስ?» አሉ። ልክ ናቸው፤ እዚህ ከተማ ሐበሻ ሁሉ ይተዋወቃል። እንግዲያው በዙም ይሁን፣ ካሜራ ተዘግቶ፣ ከሌላ ከተማም ሰው ይግባበት አልኳቸው። እስካሁን እምቢ አላሉም።